የሾገኖቹ ዘመን ጃፓን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጃፓንን ይገዙ ስለነበሩት የጦር አለቆች፣ ስለ ቶኩጋዋ ሾገኖች ዘመን ብዙ ጠይቃችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን ንጉሠ ነገሥት እያላት ሾገኑ ምን ያደርግ ነበር?

ይገዛ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ኪዮቶ ተቀምጦ ክብሩና ሥርዓቱ ይጠበቅለታል፤ ጦሩ፣ ሕጉና ግምጃ ቤቱ ግን በሾገኑ እጅ ነው። ቶኩጋዋ ኢኤያሱ በ1600 ሴኪጋሃራ ላይ ተቀናቃኞቹን ድል አድርጎ በ1603 ሾገን ሆነ። መቀመጫውን ኤዶ አደረገ፤ የዛሬዋ ቶኪዮ ማለት ናት። ከዚያ እስከ 1867 ድረስ 15 ሾገኖች ከዚሁ ቤት ወጡ።

ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆዩ? መሳፍንቱ ዝም አሉ?

ዝም እንዲሉ ተደርገው ነው። በ1635 በወጣው ሕግ ዳይምዮ የሚባሉት መሳፍንት አብዛኞቹ አንዱን ዓመት በግዛታቸው፣ ቀጣዩን ኤዶ ማሳለፍ ነበረባቸው። ሚስትና ወራሽ ልጅ ግን ሁልጊዜ ኤዶ ይቀራሉ። በግልጽ አማርኛ፣ መያዣ ናቸው። በአጀብ መመላለሱና ሁለት ቤት ማስተዳደሩ ደግሞ ኪሳቸውን ያራቁተዋል። ለጦር የሚተርፍ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

እኔን የሚደንቀኝ ማንም ያላሰበው ውጤቱ ነው። በየመንገዱ ማረፊያ ከተሞች አደጉ። ኤዶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባት ጀመር። ይህን ሕዝብ የሚያበላው፣ የሚያለብሰውና የሚያዝናናው ነጋዴውና ባለእጁ ነው። በማዕረግ ከሁሉም በታች የተቀመጠው ነጋዴ ገንዘቡን ያዘ። የዘመኑን ጥበብ ስናደንቅ፣ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ይህንን የከተማ ሰው ማሰብ አለብን ብዬ አምናለሁ።

የሠዓሊው የሆኩሳይ «ትልቁ ማዕበል» የሚባለው ሥዕል ኦሪጅናሉ የት ነው ያለው?

አንድ ኦሪጅናል የለውም፤ ህትመት ነው። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታንም አላቸው፣ ሁሉም እውነተኛ ናቸው።

አሠራሩን ላሳያችሁ። ሆኩሳይ ስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል። ጠራቢው ንድፉን በግንባሩ ደፍቶ የቼሪ እንጨት ሳንቃ ላይ ይለጥፈውና ከነወረቀቱ ይቀርጸዋል። ስለዚህ የሠዓሊው እጅ ያረፈበት ንድፍ እዚያው ይጠፋል። ቀጥሎ ለየቀለሙ ሌላ ሳንቃ ይዘጋጃል። አታሚው ቀለሙን በብሩሽ ይቀባል፣ ከኮዞ ተክል ልጥ የተሠራውን እርጥብ ወረቀት ያለብሰዋል፣ ከዚያ በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነ ክብ መዳመጫ ጀርባውን ያሸዋል። ቀለም ከቀለም እንዳይዛነፍ በእያንዳንዱ ሳንቃ ጠርዝ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች ተፈልፍለዋል፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ይገጥማል። ጠራቢውና አታሚው ስማቸው እምብዛም አይነሳም። ያለነሱ ግን የማዕበሉ ጣቶች እንደዚያ አይሾሉም ነበር። ወጪውን የሚሸፍነውና የሚሸጠውን የሚመርጠው ደግሞ አሳታሚው ነው።

ሥራው የወጣው 1831 አካባቢ ነው፤ ሆኩሳይ 70 ዓመት ግድም ሆኖታል። ያ ደማቅ ሰማያዊ የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለው የአውሮፓ ቀለም ነው፣ በናጋሳኪ በኩል የገባ። ዋጋውም ተራ ሰው የሚችለው፣ ከአንድ ሳህን ኑድል ብዙም የማይርቅ ነበር።

ሳሙራዮች ዘመናቸውን ሁሉ ሲዋጉ ነው የኖሩት?

በዚህ ዘመን አይደለም። ጦርነት ስለሌለ አብዛኛው ጸሐፊ፣ መዝገብ ያዥና አስተዳዳሪ ሆነ። ደመወዙ በሩዝ ነው የሚሰላው፤ መለኪያው አንድ ኮኩ 180 ሊትር ግድም ነው፣ አንድ ሰው ለዓመት የሚበላው ተብሎ የታሰበ። ሩዙን በገንዘብ ሲመነዝሩ ነጋዴ እጅ ይወድቃሉ። ብዙዎቹ በዕዳ ተዘፍቀው ኖረዋል።

ካቡኪ በሚባለው የጃፓን ቲያትር ላይ ለምን ወንዶች ብቻ?

የጀመረችውስ ሴት ናት፤ ኢዙሞ ኖ ኦኩኒ፣ በ1603 ኪዮቶ ውስጥ። መድረኩ ከሴተኛ አዳሪነትና ከአምባጓሮ ጋር ስለተያያዘ መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከለከለ፤ በ1652 ደግሞ ወጣት ወንዶችን። የሴቷንም ገጸ ባሕርይ ትልልቅ ወንዶች ወሰዱት።

ያሱኬ የሚባለው ጥቁር ሳሙራይ ሐበሻ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ይህን የሚደግፍ የዘመኑ ሰነድ የለም። በ1627 የወጣ የጀስዊቶች ታሪክ ከሞዛምቢክ ነው ይላል። በ1579 ከጀስዊቱ ቫሊኛኖ ጋር ጃፓን ገባ። የጦር መሪው ኦዳ ኖቡናጋ ቆዳው ቀለም የተቀባ መስሎት ከወገቡ በላይ እንዲያወልቅ አዘዘ፤ ከዚያ ወደደውና አስጠጋው። ኖቡናጋ ሾገን ሆኖ አያውቅም፣ ዘመኑም ከቶኩጋዋ በፊት ነው።

አገሪቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግታ ነበር?

በሩ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። አጼ ፋሲል ጀስዊቶችን ከኢትዮጵያ ባስወጡበት በ1630ዎቹ፣ ጃፓንም ፖርቱጋሎችን አባረረች። ሁለቱም ዘንድ የተፈራው ያው የሚሲዮናውያኑ ተጽዕኖ ነው። ቻይናውያን ግን ናጋሳኪ ይነግዱ ነበር፤ ሆላንዶችም ከ1641 ጀምሮ እዚያው ደጂማ የምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተወሰኑ።

በዚያች ቀዳዳ መጻሕፍት ገቡ። በ1771 ሐኪሙ ሱጊታ ጌንፓኩና ጓደኞቹ የሆላንድ የአናቶሚ መጽሐፍ ይዘው በሞት የተቀጣች ሴት አስከሬን ሲከፈት ተመለከቱ። ሥዕሉና አካሉ ገጠመ፤ እነሱ የተማሩት ግን አልገጠመም። ቋንቋውን በቅጡ ሳያውቁ ለመተርጎም ተቀመጡ። በ1774 መጽሐፉን በጃፓን አሳተሙት።