ወተት የማይስማማሽ በጾሙ ነው ወይስ በዘር? (ለጠየቅሽው መልስ)
እህቴ፣ ከፋሲካ ወዲህ ወተት ስትጠጪ ሆድሽ እየተነፋ ወንድምሽ ግን ሊትር ጨርሶ ምንም የማይሆነው ጾሙ ነው ወይስ ዘር ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ በስነ ምግብ ሙያ ቦረናም አፋርም ሰርቻለሁ፣ ወተት ለራሴም አይስማማኝም፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ ሲወለድ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ የጡት ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚባል ስኳር የሚፈጨው እሱ ነው፣ ጡት ከተጣለ በኋላ ግን አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያው ያብላላዋል፣ መነፋቱም ቁርጠቱም ከዛ ነው። ወንድምሽ ምናልባት ኢንዛይሙ ካደገ በኋላም እንዳይቀንስ የሚያደርግ የጂን ለውጥ አለው። ከአንዱ ወላጅ አንድ ቅጂ ከወረሰ ይበቃዋል፣ አንቺ ጋ ካልደረሰ ከአንድ እናት አባት ተወልዳችሁም ትለያያላችሁ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ለውጥ የተነሳው አንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑ ነው። አውሮፓውያን የራሳቸው አላቸው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ኬንያና ታንዛኒያ ላይ ሌላ አገኘ፣ እኛ ሀገርማ ከአንድ በላይ ዓይነት አለ፣ አንዱ አረብ ሀገር ግመል አርቢዎቹ ጋር ያለው ነው። ማለት ከብት ማርባቱ ቀደመ፣ ጂኑ ተከተለ፤ በረሃብ ዘመን ወተት ጠጥቶ ተቅማጥ ያልያዘው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ሰፋ፣ ልጆቹም ወረሱት፣ በሺዎች ዓመታት ተስፋፋ።

ግን ጂን ብቻ አይደለም። ቦረና እናቶች ወተቱን በጭስ በታጠነ ዕቃ አጠራቅመው ኢቲቱ ያደርጉታል፣ ወፍራም፣ ጭስ ጭስ የሚል እርጎ ነው፣ ባክቴሪያው ከስኳሩ ብዙውን ቀድሞ ይበላልሻል። ጥሬ ወተት ግማሽ ብርጭቆ የማልችለው እኔ ኢቲቱ ጠጥቼ በሰላም አድሬያለሁ።

ወደ ጾሙ ስመጣ፣ 55 ቀን ወተት መተው ጂንሽንም ኢንዛይምሽንም አይቀይርም፣ ግን የአንጀት ባክቴሪያ ወተት መልመዱን ይተዋል፣ ስለዚህ በአንዴ ብርጭቆ ሙሉ አትጠጪ፣ ከምግብ ጋር በትንሽ በትንሹ ጀምሪ፣ እርጎና አይብ ይሻልሻል፣ ካልሲየሙም አይቀርብሽ። ተቅማጥ ካልቆመ ወይ ከከሳሽ ግን ሰገራ ተመርመሪ፣ ጃርዲያም ኢንዛይሙን ለጊዜው ይቀንሰዋል።