ፎረፎር ነው ወይስ ቆረቆር?

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከወልዲያ፣ ከሐይቅና ከመርሳ የመጡ ናቸው። ሁሉም የራስ ቆዳን ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ሻምፑ ብለዋውጥ ብለዋውጥ ለውጥ የለም። ፎረፎሩ በታጠብኩ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል፣ ያሳክከኛል። ቆዳዬ ደርቆ ነው ብዬ በየሳምንቱ በአደስ የተለወሰ ለጋ ቅቤ ተቀብቼ ሻሽ አስራለሁ። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን፣ መላ አለው። መጀመሪያ ግን ቅቤውን ተይው። ፎረፎር አብዛኛውን ጊዜ የድርቀት ምልክት አይደለም። ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ በሁላችንም ራስ ላይ ይኖራል፤ የሚመገበው የቆዳውን ወዝ ነው። ወዙን ሲያብላላ የሚተርፈው አሲድ አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳውን ያስቆጣና ያለጊዜው እየተላጠ እንዲረግፍ ያደርገዋል። ቅቤ መጨመር ለፈንገሱ ቀለብ መስፈር ነው። የተቀባሽ ዕለት ቅርፊቱ ስለሚጣበቅ የተሻለሽ ይመስልሻል፤ የሚያታልለውም ይሄ ነው።

ከፋርማሲ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለው ሻምፑ ግዢ። ሹሩባሽን ፍቺ፤ በሹሩባ ላይ መድኃኒት ማፍሰስ ብር ማፍሰስ ነው። በቅድሚያ በተራ ሻምፑ ቅባቱን አስለቅቂ፣ አለዚያ መድኃኒቱ ቆዳው ጋ አይደርስም። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ወስደሽ ፀጉሩን በጣትሽ እየከፈልሽ ቆዳውን አሻሺው፤ ሰዓት እያየሽ 5 ደቂቃ አቆይተሽ ታጠቢ። ብዙ ሰው “አልሠራልኝም” የሚለው አረፋው እንደወጣ ስለሚያጥበው ነው። በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት። ፈንገሱ ከራስ ጨርሶ ስለማይጠፋ ከዚያ በኋላም በሳምንት ወይም በ2 ሳምንት አንዴ መታጠቡን አትተይ። መድኃኒቱ ፀጉር ያደርቃል፤ ኮንዲሽነር ጫፍ ጫፉን ቀቢ። የደሴ ብርድ እርጥብ ፀጉር ላይ ሻሽ ያስጠመጥማል፣ እናውቃለን፤ ቢሆንም ሳይደርቅ አትሰሪው። ሲሻልሽ ቅቤ ካማረሽ ፀጉሩን ብቻ፣ ቆዳውን ሳይነካ።

በ4 ሳምንት ካልቀነሰ፣ ወይም ቅርፊቱ ወፍራምና ብርማ ሆኖ ክርንና ጉልበት ላይም ከወጣ ሶሪያሲስ የሚባል ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። አዋቂ ሰው ላይ ድንገት ተነሥቶ ቅንድብን፣ የአፍንጫን ጎንና ደረትን የሚያለብስ ከባድ ፎረፎር ሲመጣ ደግሞ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ፀጉር ቤት ከተላጨ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሱ ላይ ሁለት ክብ ቦታ ፀጉሩ ረገፈ። ነጭ ሽንኩርት ስናሸው ቆሰለ። ከዚያ ቤታሜታዞን ክሬም ቀባነው፤ መጀመሪያ የተሻለው መሰለን፣ አሁን ግን አራት ቦታ ሆኗል። (ከወልዲያ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የገለጹት ቆረቆር ይመስላል። ልጁን ደጅ ብርሃን ላይ አውጥተው ይመልከቱት። ፎረፎር ፀጉር አይሰብርም። ቆረቆር ግን ፀጉሩን ከቆዳው እኩል ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጉቶ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ወይም አመድማ ቅርፊት ለብሶ ይታያል። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ንፍፊት ካገኙ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ፈንገሱ የተቀመጠው ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ላይ ስለሆነ የሚቀባ ነገር ብቻውን አያድነውም። ቤታሜታዞን ደግሞ ጭራሽ የፈንገስ መድኃኒት አይደለም፤ መቅላቱንና ማሳከኩን ያደበዝዛል፣ ፈንገሱ ግን ተመቻችቶ ይሰፋል። ዛሬውኑ ያቁሙት። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ከተወ እዚያ ቦታ ፀጉር ላይበቅል ይችላል። ናፍጣና የባትሪ አሲድ የሚመክርዎ ሰው ካለ አይስሙት።

ልጁ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የተለመደው ግሪሲዮፉልቪን ነው፤ በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም። ልኩን የሚወስነው ልጁን መዝኖ ያየው ባለሙያ ነው። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይስጡት፤ በባዶ ሆድ ሰውነት የሚቀበለው ጥቂቱን ነው። (ቅቤ ለራስ ቆዳ ሕመም የሚጠቅመው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ በአፍ ሲገባ።) ሕክምናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ማሳከኩ ቀድሞ ስለሚተው ወላጅ “ዳነ” ብሎ ያቋርጣል፣ በሽታውም ያገረሻል። ፀጉሩ በቅሎ፣ ቅርፊቱ ጠፍቶ፣ ባለሙያው ይብቃ እስኪል አያቁሙ። ተርቢናፊን የተባለው ሌላ የሚዋጥ መድኃኒት ከታዘዘለት ጊዜው ያጥራል፣ ብዙውን ጊዜ 4 ሳምንት ገደማ ነው።

በአገራችን ቆረቆር በብዛት የሚያመጣው ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ፈንገስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ድመቷን ለማባረር አይቸኩሉ። ይልቅ የእህት ወንድሞቹን ራስ ይፈትሹ። ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ትራስ አይጋሩ፤ ሁሉም በሳምንት 2 ጊዜ ከላይ በጠቀስነው የኬቶኮናዞል ሻምፑ ይታጠቡ። ይህ ፈንገሱ እንዳይዛመት ያግዛል እንጂ የሚዋጠውን አይተካም። መድኃኒቱን ከጀመረ ትምህርት ቤት መቅረት አያስፈልገውም። ፀጉር ቤት ሲሄዱ ደግሞ ቶንዶሱን በዓይንዎ ይዩ፤ በጥርሱ መሀል የተሰገሰገው ፀጉር በብሩሽ ካልተራገፈ አልኮል መርጨቱ ብዙም አይረባም።

አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ቦታው አብጦ፣ ሲነኩት ለስላሳ ሆኖ፣ መግል ካዠ እንዳያስበጡት። ያው ቆረቆሩ የፈጠረው ቁጣ ነው፤ በቶሎ ካልታከመ ጠባሳ ይተዋል። በአቅራቢያዎ መድኃኒቱ ወይም ባለሙያው ካልተገኘ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናው የታወቀ ነው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከጆሮዋ በላይና ግንባሯ ላይ ፀጉሯ እየሳሳ ነው። ቅርፊትም ማሳከክም የለውም። በየ2 ሳምንቱ ቀጭን ሹሩባ ትሠራለች። (ከሐይቅ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሹሩባው እየሳበው ይመስላል። ከተሠራች በኋላ ሌሊቱን ራሷን ካመማት፣ ጠርዙ ላይም ጥቃቅን ሽፍታ ከወጣ ጠብቋል ማለት ነው፤ “ሲለመድ ይላላል” ብሎ መታገስ አያስፈልግም፣ ይፈታ። ለ3 ወር ያህል ጠርዙ ሳይነካ ወፈርና ላላ ያለ ጉንጉን ብቻ ትሠራ፤ አርቴፊሻል ፀጉርም አይጨመርበት፣ ክብደቱ ይጎትታል። አሁን ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል። ቆዳው ልሙጥና አብረቅራቂ ሆኖ ቀዳዳዎቹ ከጠፉ ግን ሥሩ ሞቷል፤ ምንም ቅባት አያበቅለውም።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ቅማል አስቸገራቸው፤ ወላጆች ላምባ ይቀባሉ። (ከመርሳ)

መልስ፦ ላምባ ቆዳ ይልጣል፣ ምድጃ አጠገብ ደግሞ ሕፃን ያቃጥላል። የእህል ተባይ መርዝም ከዚያ አይሻልም። 1 በመቶ ፐርሜትሪን የተባለው የቅማል መድኃኒት በታጠበና በፎጣ በደረቀ ፀጉር ላይ ተቀብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይታጠባል። ቅጫሙን ሁሉ ስለማይገድል በ9ኛው ቀን ይደገማል፤ የሚዘነጋው ይሄኛው ነው። መድኃኒት ከሌለ እርጥብ ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር ቀብቶ በቀጭን የቅማል ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ማበጠር፣ በየ3 ቀኑ ለ2 ሳምንት። ቅጫሙ ከቆዳው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ርቆ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ የተፈለፈለ ባዶ ቅርፊት ነው፤ እሱን አይቶ ልጅን ከክፍል ማስወጣት አይገባም።