ኔቡላይዘሩን በቧንቧ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባ ውስጥ ወፍራም አክታ የሚያከማች፣ በዘር የሚወረስ በሽታ) አለባት። ጨዋማውን መድኃኒት በኔቡላይዘር (ፈሳሽ መድኃኒትን እንደ ጉም አድርጎ በሚያስስብ መሣሪያ) ትስባለች፤ ዕቃውን ሁልጊዜ በቧንቧ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ግን ሳሉ ይብስባታል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚያሳስበን የቧንቧ ውሃው ነው። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ እርጥበት ይወዳል፤ ጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም ጉዳት ባያደርስም ወፍራም አክታ ያለበት ሳንባ ውስጥ ከሰፈረ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ልጅዎ በሳበች ቁጥር የመድኃኒት መያዣውንና የአፍ መያዣውን ፈታትተው በሳሙና ይጠቡ፤ አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ ያፍሉት። የተለመደው 5 ደቂቃ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እኛ 10 ደቂቃ እንመርጣለን። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በአየር ይድረቅ። መልሰው በቧንቧ ውሃ ካለቀለቁት ልፋትዎ ከንቱ ነው። ኮምጣጤ ማፍላቱን አይተካም፤ የአየር ቱቦው ደግሞ ውሃ ውስጥ አይነከርም።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። የአየር ቧንቧን የሚከፍተው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ ይቀድማል፤ ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ ጨዋማው፣ ቀጥሎ አክታ የማስወጣት ልምምዱ፤ የሚሳብ አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት መጨረሻ ላይ። አንቲባዮቲኩ ከቀደመ አክታው ላይ ይቀርና አብሮ ይወጣል።

የከሰልና የዕጣን ጭስ ከእሷ ይራቅ፤ ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ ማንም አይቀየምም። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ ያስፈልጋታል።

ሳሉ ከበዛ፣ የአክታዋ ቀለም ከተለወጠ ወይም ምግብ ከቀነሰች ትኩሳት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ሐኪሟ ዘንድ ይውሰዷት፤ የአክታ ካልቸር ምርመራም (አክታው ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ የሚያሳየውን) ይጠይቁ።