ጥያቄና መልስ፦ በአደን የተገኘ ሥጋ ለክርስቲያን ይበላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሠፈር ልጆች ጋር በባቲ መንገድ ወደ ቆላው እንወርዳለን። አንዱ ጠመንጃ አለው፤ ሌሎቻችን ለቆቅና ለጥንቸል ወጥመድ እናጠምዳለን። ባለፈው ሚዳቋ ተመታ፤ ያረደው ሙስሊም ጓደኛችን ነበር፣ እኔም በላሁ። እናቴ ስትሰማ «በክት በልተሃል» ብላ ዕቃ ለየችብኝ። አደን በራሱ ኃጢአት ነው? ነፍስ ማጥፋቱ ከሆነ ነውሩ፣ ከቄራ የሚመጣውንስ ለምን እንበላለን? ሥጋ ጨርሶ ብተው ይሻለኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጨረሻ ላይ ከጠየቅኸው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነውና።

ለአዳም የተሰጠው መብል ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበር (ዘፍ. 1፥29)። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ ያውም ደሙ ያለበትን ሥጋ እንዳይበላ ከሚከለክል ትእዛዝ ጋር (ዘፍ. 9፥3-4)። የእንስሳ ነፍስ በደሙ ውስጥ ናት (ዘሌ. 17፥11)፤ ስለዚህ ሥጋው ለሰው ተሰጠ፣ ደሙ ግን አልተሰጠም። ይህ ለቄራው በሬም ለቆላው ሚዳቋም እኩል ይሠራል። የቄራው ሥጋ ንጹሕ፣ የዱሩ ርኩስ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ሥጋን መተው መልካም ነው፤ ብዙ መነኮሳት ዕድሜ ልካቸውን ትተውታል። የተዉት ግን ርኩስ ነው ብለው አይደለም። ሥጋን ተጸይፎ የሚተው ካህን እንዲገሠጽ የሐዋርያት ቀኖና ያዝዛል፤ ጳውሎስም ከመብል እንዲርቁ የሚያዝዙትን አጥብቆ ነቅፏል (1ኛ ጢሞ. 4፥3-4)። ጌታችንም የፋሲካውን በግ በልቷል፣ ከትንሣኤው በኋላም የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሏል (ሉቃ. 24፥42-43)። ረቡዕንና ዓርብን ጨምሮ ሰባቱን አጽዋማት በሥርዓቱ የሚጾም ሰው የዓመቱን እኩሌታ ያህል ያለ ሥጋ ይኖራል። ከዚያ በላይ ልተው ካልህ ከንስሐ አባትህ ጋር ተማክረህ ተው፤ ጎረቤትህ ለፋሲካ በግ ሲያርድ ግን ፊትህን አታጥቁርበት።

ወደ አደኑ እንምጣ። ዘሌዋውያን 17፥13 የሚናገረው በቀጥታ ለአዳኝ ነው፤ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል። አደን በስሙ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሕጉ «አታድን» ይል ነበር እንጂ የአስተራረዱን ሥርዓት ባልሠራለት። ነውሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው፦ ምን እንደምታድን፣ በምን እንደምትገድል፣ ስለምን እንደምትገድል።

የሚበላው የትኛው ነው? ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ፤ ሚዳቋና ዋላ በስማቸው ተጠርተዋል (ዘዳ. 14፥5)፣ ድኩላና ሰስም በመለያው ከእነሱ ጋር ይሄዳሉ። ከወፍ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ድርጭትና ርግብ ይበላሉ። ከርከሮ ሰኮናው ቢሰነጠቅም አያመሰኳም። ሽኮኮና ጥንቸል ደግሞ ሰኮናቸው ስላልተሰነጠቀ ካልተፈቀዱት ተቆጥረዋል (ዘሌ. 11፥5-6)፤ ጃርትማ ከሁለቱም የለበት። «ይህ የብሉይ ነው፣ በጴጥሮስ ራእይ (ሐዋ. 10) ተሽሯል» የሚልህ አይጠፋም። አፄ ገላውዴዎስ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለካቶሊክ ሚሲዮናውያን በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ስለ አሳማ ሲመልሱ፣ የማንበላው እንደ አይሁድ ሕግ ለመጠበቅ አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ብለዋል። እኔም ከዚህ አልወጣም። የአባቶችህ ትውፊት ግን ጥንቸል አትበላም ይላል፤ በእናትህ ቤት እየኖርህ ይህን መጣስ ያጣላችኋል እንጂ የሚጨምርልህ ነገር የለም።

ወጥመዱ ላይ አልደራደርም። የገመድና የሽቦ ወጥመድ የሚገድለው አንቆ ነው። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ የመጡትን ካዘዟቸው አራት ነገሮች አንዱ ከታነቀ ሥጋ እንዲርቁ ነው (ሐዋ. 15፥29)፤ ፍትሐ ነገሥትም ይህንኑ ያጸናል። የታነቀ እንስሳ ደሙ በሥጋው ውስጥ ረግቶ ይቀራል። እናትህ በክት ያለችው ስለ ወጥመዱ ከሆነ ልክ ናት። ሌላም ክፋት አለበት፦ ወጥመድ አይመርጥም። እናቲቱንም ጫጩቷንም፣ ቆቅንም የእረኛውን ውሻም ይይዛል፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሳይጎበኝ ሲቀር የተያዘው በጥምና በሥቃይ ይሞታል። ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል (ምሳ. 12፥10)፤ እንስሳው የዱር ስለሆነ ርኅራኄው አይቀርለትም። ውሻ ነክሶ የገደለውም አውሬ እንደ ሰበረው ይቆጠራል (ዘፀ. 22፥31)።

ጠመንጃ ከወጥመድ ይሻላል፣ ተኳሹ ከታገሠ ማለት ነው። የሚሮጠውን መተኮስ ማቁሰል ነው። ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ ከፊት እግሩ በላይ ጥቂት ወደ ኋላ ገባ ብሎ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ ይመታል። በሌሊት በባትሪ አደንዝዞ መግደል ደግሞ ወንድና ሴት፣ እናትና ግልገል አያስለይም። እናት ወፍን ከጫጩቶቿ ወይም ከእንቁላሎቿ ጋር አትውሰድ የተባለው (ዘዳ. 22፥6-7) ለጎጆ ብቻ አይመስለኝም። የድኩላ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ቀንድ የሌላትን ያየ አዳኝ አፈ ሙዙን ዝቅ ያድርግ።

ቆስሎ ከሮጠ ወዲያው ማሳደድ አይገባም፤ ይበልጥ ይርቃል። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይና የደሙን ፈለግ ይከተል። ደማቅና አረፋ ያለው ደም ከሳንባ ነው፣ ሩቅ አይሄድም፤ ጥቁረት ያለው ከጉበት፤ አረንጓዴ ፈርስ የተቀላቀለበት ከሆድ ነው፣ ይህኛው ብዙ ሰዓት ይሠቃያል። ያቆሰለ ሰው መሽቶብኛል ብሎ ትቶ ሊመለስ አይገባም። በማግሥቱ ሞቶ የተገኘው ግን በክት ነው፣ አይበላም።

ሲደርሱበት ነፍሱ ካልወጣ ወዲያው ይታረዳል፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብሎ፣ በተሳለ ቢላ ጉሮሮውን፣ የምግብ ቧንቧውንና ሁለቱን የደም ሥሮች አንድ ላይ። የኋላ እግሩ ከፍ ብሎ ደሙ እስኪጨርስ ይቆያል፣ ከዚያ አፈር ይለበሳል። በጥይቱ ወድቆ ገና ትኩስ ሳለ ከተደረሰበትና ሲታረድ ደሙ ከፈሰሰ ሥጋው እንደታረደ ነው ብዬ እመክራለሁ፤ ተቆርጦ ደም ካልወጣው ተወው። ሆድቃው ቶሎ ይውጣ፤ በቆላ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ሆዱ ይነፋል፣ ሥጋውም ይሸታል። ቆዳው በሁለት ጣት ተነሥቶ ይቀደድ፤ ጨጓራው ከተበሳ ፈርሱ ሥጋውን ያበላሸዋል። ጥይቱ በገባበት ዙሪያ አራት ጣት ያህል ተቆርጦ ይጣል፤ የረጋ ደምና የእርሳስ ፍንጣሪ አለበት። ሥጋውንም በጥሬው መብላት አይገባም፤ የቄራውን ሥጋ ሐኪም ያየዋል፣ ይህን ግን አላየውም።

ሳይመታ ሞቶ የተገኘ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጠቆር ያለ ያልረጋ ደም የሚወጣው እንስሳ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትንካው፣ አትግፈፈው፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገር። የበክትን ሕግ እንደ ጸጉር ስንጠቃ የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነበር።

ስለ ሙስሊም ጓደኛህ፦ ወሎ ውስጥ ይህን ጥያቄ ማንም ሳይሰማው አያድግም። ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ከዚያ አብሮ ይጨፈራል። እኛ በሥላሴ ስም የተባረከውን እንበላለን፣ እነሱ በእነሱ ሥርዓት የታረደውን ይበላሉ። ጓደኛህ ያረደው ለጣዖት የተሠዋ ነው አትበል፤ በበክትም ስም አትጥራው፣ ደሙ ፈስሷልና። የተላለፍኸው የቤተ ክርስቲያንህን ሥርዓት ነው። አብራችሁ የምትውሉ ከሆነ ማን እንደሚያርድና ሥጋው ለማን እንደሚሆን ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ። አንተ ያረድኸውን ደብቀህ ለእሱ ብታበላው ደግሞ ከዚህ የከፋ በደል ሠርተሃል።

ለስም የሚገደለውስ? ለግዳይ አንበሳና ነብር ጥሎ መፎከር የአገራችን ልማድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ታቦት የቀረጸችው ለፎካሪው ሳይሆን ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር ለኖሩት ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። የማይበላውን ለጨዋታ መግደል፣ ወይም ለጠንቋይ መድኃኒት ብሎ የጅብና የጃርት አካል መፈለግ ኃጢአት ነው፤ ማብራሪያም አያሻውም። ዝንጀሮና ከርከሮ ማሳህን ቢያጠፉ መጀመሪያ ጥበቃ፣ ጩኸትና አጥር ነው፤ ካልሆነ የግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

ሕጉም አለ። በዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ በአጠገባችሁ ያለው የየጎፍ ደን ደግሞ የሁላችንም አደራ ነው። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ያሉት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኙም። ለሹማምንት ተገዙ የተባለው (ሮሜ 13፥1) ለግብር ብቻ አይደለም። ሥጋውን በሥርዓት ብታርደው እንኳ አደኑ በስርቆት ከሆነ የተሰረቀ በግ ባርኮ እንደ ማረድ ነው። በግ በገበያ ሞልቶ ሳለ ለቅዳሜ መዝናኛ ብሎ ያለ ፈቃድ ቆላ መውረድን አልባርክልህም።

አሁን ወደ የንስሐ አባትህ ሂድና ሦስቱን ለይተህ ንገራቸው፦ የታነቀውን፣ በሌላ ሥርዓት የታረደውን፣ ያለ ፈቃድ የታደነውን። ቀኖናውን የሚሰጡህ እሳቸው ናቸው። እስከዚያ እናትህ ዕቃ ብትለይብህ አትከራከራት። የተከላችኋቸውን ወጥመዶች በዚህ ሳምንት ወርዳችሁ አንድ ሳይቀር ንቀሉ። ከታነቀው ያደረቃችሁት ቋንጣ ካለ ለውሻ ይሰጥ። ውኃ የቋጠረ ፊኛ ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ግን ለውሻም አይሰጥ፤ ጠልቆ ይቀበር፣ በፊኛው ውስጥ ያለው ትል በውሻው በኩል ወደ ልጆች ይመለሳልና።