ሎሚ የነካው እብነ በረድና ሌሎች የወለልና የማዕድ ቤት ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አብዛኞቹ ስለ ወለልና ስለ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ገጽ የሚያነሡ በመሆናቸው፣ የዛሬውን ገጽ ለእነርሱ ብቻ አውየዋለሁ።

«የማዕድ ቤቴን ጠረጴዛ በነጭ እብነ በረድ አሠርቼ ነበር። ለበዓል ዶሮ በሎሚና በጨው ሳጥብ ውሃው ፈሰሰበት፤ በማግስቱ ደብዘዝ ያሉ ክብ ምልክቶች አየሁ። በበረኪና ብፈትገውም አልለቅ አለኝ።» (የአያት ነዋሪ)

እመቤቴ፣ ያዩት ነገር እድፍ ስላልሆነ በምንም ማጽጃ ሊለቅ አይችልም። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት የተባለ ማዕድን ነው፤ ይህ ማዕድን ደግሞ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ሎሚው የበላው የድንጋዩን ልሙጥ ቆዳ ነውና፣ ምልክቱ የሚጠፋው ገጹ እንደገና ሲለሰልስ ብቻ ነው። ጉዳቱ ጥቂት ከሆነ ለእብነ በረድ ተብሎ የሚሸጥ ማለስለሻ ዱቄት በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ሊበቃ ይችላል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ማለስለሻ ማሽን ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ሎሚ ብቻ ሳይሆን ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው የኮመጠጠ የእንጀራ ሊጥም እንዲሁ ያደርጋል። ድንጋይ ላይ የሚቀባው መከላከያ፣ ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰርጉ ያግዛል እንጂ አሲድን አይመልስም።

ከጠረጴዛው ይልቅ ያሳሰበኝ በረኪናው ነው። በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ በጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ ፈጽሞ አያገናኙ። ለዕለት ተዕለት ጽዳት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ላርጎ ጨምሮ መወልወልና ወዲያው ማድረቅ ይበቃል።

ገና ለመግዛት የምታስቡ አንባቢዎች ከድንጋይ ቆራጩ ዘንድ ቁራጭ ለምናችሁ ወደ ቤት ውሰዱ፤ በአንዱ ጫፍ ግማሽ ሎሚ ድፉበት፣ በሌላው ጫፍ እርድ የገባበት ዘይት ጠብ አድርጉና አሳድሩት። ጠዋት የምታዩት ከማንኛውም ሻጭ ቃል የበለጠ እውነት ነው። የእኔ ምርጫ ለማዕድ ቤት ግራናይት ነው፤ ከእብነ በረድ እጅግ ይጠነክራል፣ ሎሚም አይበላውም። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣውን የዳለቲ እብነ በረድ የመሰለ ውብ ድንጋይ ግን ሎሚ በማይደርስበት፣ በሳሎን ወይም በደረጃ ላይ ብናየው ደስ ይለኛል።

«አዲሱ የሴራሚክ ወለላችን ስንት ጊዜ ቢታጠብም እንደ ዳመና ያለ ነጭ ነገር አይለቀውም። አንጣፊው አሲድ ይፈስበት ይላል።» (ከአዳማ)

በቅድሚያ ትንሽ ቦታ መርጠው በሙቅ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ይሹት። ከለቀቀ ዳመናው የሳሙና ትራፊ ነው፤ ወለሉን የሚያጥበው ሰው ኦሞ ያበዛል ማለት ነው። ካልለቀቀ ከሥራው የተረፈ ሲሚንቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህም በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ መሞከር ይቻላል። ኮምጣጤው ወደ መገጣጠሚያው እንዳይሰርግ ወለሉን አስቀድመው በውሃ ያርሱት፤ ሲጨርሱም ደጋግመው ያለቅልቁት። አንጣፊው ያለው ኃይለኛ አሲድ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ይበላል፣ የቧንቧና የበር ብረት ያዝጋል፣ ትነቱም ይጎዳል። ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈው) ወይም ደረጃው እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ ኮምጣጤውም ቢሆን አይቅረበው።

«ለመታጠቢያ ቤት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይሻላል ወይስ ሻካራ?» (ከሐዋሳ)

ሻካራውን ይምረጡ፤ በተለይ አረጋውያንና ሕፃናት ባሉበት ቤት። በካርቶኑ ላይ የመንሸራተት ደረጃ ከተጻፈ አር 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጉ። የሚያብረቀርቀው ለግድግዳው ይሁን።

«የምድር ቤት ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ ፓርኬ ላንጥፍ ወይስ ላሚኔት? ቤታችን ቡና አይለየውም።» (ከጀሞ)

ከሁለቱም በፊት የወለሉን እርጥበት ይፈትሹ። በባዶው ሲሚንቶ ላይ የፕላስቲክ ወረቀት ዘርግተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉና አንድ ቀን ያቆዩት፤ ከሥሩ ላብ ካዩ ለእንጨት ጊዜው አይደለም፤ ሴራሚክ ይሻልዎታል። ወለሉ ደረቅ ከሆነ፣ አቅምዎ ከፈቀደ ፓርኬውን እመርጣለሁ። እውነተኛ እንጨት ስለሆነ ሲያረጅ ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ ላሚኔት ግን የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ላይ የተለጠፈ ሥዕል በመሆኑ አይፋቅም፣ በመገጣጠሚያው ውሃ ከገባም ያብጣል። ሁለቱንም በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ ውሃ አያፍስሱባቸው። እርጥብ ቄጠማ በእንጨት ላይ አይደር፤ የከሰል ማንደጃውም ከሥሩ ሰፊ የሴራሚክ ቁራጭ ይነጠፍለት፤ የወደቀች አንዲት ፍም የማይጠፋ ጥቁር ጠባሳ ትተዋለችና።

«ከኳርትዝ በተሠራው ጠረጴዛዬ ላይ እርድ ቢጫ ምልክት ተወብኝ። ሌላም ልጠይቅ፤ ምጣድ ላስቀምጥበት እችላለሁ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እርዱን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ለውሰው በቀስታ ይሹት፤ የቀረውን የፀሐይ ብርሃን ራሱ እያደበዘዘ ይወስደዋል። ምጣዱን ግን በቀጥታ አያስቀምጡበት። ይህ ገጽ የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ድንጋዩ ቢችልም ሙጫው ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ይጠቁራል ወይም ይሰነጠቃል። ከምጣዱ ሥር ወፍራም የእንጨት ጣውላ ያድርጉ፤ ትኩስ ድስትና ከከሰል የወረደ ጀበናም እንዲሁ ማስቀመጫ ይኑራቸው።

ስለ ኳርትዝ ካነሣን፣ ቀዳዳ ለማስፋት ወይም ጠርዝ ለማስተካከል ሠራተኛ ቤትዎ ቢመጣ በደረቁ እንዲቆርጥ አይፍቀዱለት። ብናኙ በሲሊካ የበዛ ስለሆነ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን የሳንባ በሽታ ያስከትላል፤ አውስትራሊያ ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ያገደችውም በጠራቢዎቿ ሕመም ምክንያት ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ሠራተኛውም ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል አድርጎ ይሁን፤ የወደቀውንም ብናኝ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያንሡት።