ከወዳደቀ ብረት የቆመው አጋዘን፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ ፒትስበርግ አጠገብ፣ ሞኖንጋሂላ ወንዝ ዳር፣ ካሪ የሚባል የተዘጋ የብረት ማቅለጫ አለ። እዚያ ስለቆመው አጋዘን ብዙ ጠይቃችኋል። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ሥራ ነው?
መልስ፦ ከነአንገቱና ከነቀንዱ የቆመ የአጋዘን ራስ ነው። ቁመቱ 12 ሜትር ያልፋል። ኢንዱስትሪያል አርትስ ኮኦፕ የተባለ የአርቲስቶች ቡድን በ1997 ጀምሮ በ1998 ጨረሰው።

ጥያቄ፦ ማን ፈቀደላቸው?
መልስ፦ ማንም። እሁድ እሁድ ሾልከው እየገቡ ነው የሠሩት። ቱቦው፣ ሽቦው፣ ጎማው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ወድቆ የተገኘ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስርቆት አይደለም?
መልስ፦ ሳያስፈቅዱ መግባታቸው ሕግ መጣስ ነው፤ አልክድም። ግን ብረቱን አውጥተው አልሸጡም። እዚያው አቆሙት።

ጥያቄ፦ ለምን አጋዘን?
መልስ፦ ሠራተኛው ሲወጣ ግቢውን ዛፍና አውሬ ወረሰው። አጋዘንም ይመላለስበት ነበር።

ጥያቄ፦ ሙዚየም ቢገባ አይሻልም ነበር?
መልስ፦ በፍጹም! ከጎኑ ያሉት 6ኛውና 7ኛው ምድጃዎች 28 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ከ1907 እስከ 1978 ብረት አቅልጠዋል። የቀለጠው ብረት ገና እንደጋለ በባቡር ድልድዩን ተሻግሮ ወንዙ ማዶ ያለው የሆምስቴድ ፋብሪካ ይገባና እዚያ አረብ ብረት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ፋብሪካ አብዛኛው ፈርሶ የገበያ ማዕከል ሆኗል። ስለዚህ አጋዘኑ ያለ ምድጃዎቹ ትልቅ የሽቦ ቅርጽ ብቻ ነው የሚሆነው። እዚያ ስታየው ግን ቱቦው የየትኛው ሥራ እንደነበረ ዙሪያው ይነግርሃል። ለኔ የሥራው ጉልበት ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ማየት ይቻላል?
መልስ፦ አዎ። ምድጃዎቹ በ2006 በአገር ደረጃ በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሪቨርስ ኦፍ ስቲል የተባለው ድርጅት በሞቃቱ ወራት ያስጎበኛል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ከምናለሽ ተራ ብረት ገዝቼ ብሞክርስ?
መልስ፦ ሞክር እንጂ! ስትገዛ ግን ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ የምን ማሽን እንደነበር ሻጩን ጠይቅና ጻፈው። ያን ካላወቅህ የምትሠራው ከማንኛውም ብረት ነው። አሮጌ ቀለም ደግሞ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል። ሳትልጠው አትበይድ፤ ስትልጥም ደረቁን አትፈግፍገው፣ አቧራው ነው የሚጎዳው። ለእርሳስ አቧራ የሚሆን ትክክለኛ ጭንብል አድርግ፣ ልጆች ካሉበት ግቢም አትሥራው።