ላንጋኖ ዳር ሰርግ፦ ቀለሙ ከየት ይምጣ?

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ያነሳሽው ሁለት ነገር ነው። ያንቺ ቤተሰብ ከአርሲ፣ የሱ ከጋሞ ሆኖ ጥር ላይ ላንጋኖ የምትደግሱት ሰርግ ቀለም የሞላበት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ደግሞ «ውሃ ዳር መዳር የፈረንጅ ነው፣ የኛ ወግ የታለ?» ብለዋል። እኛም ታናሽ እህቴን ለጋሞ ልጅ እዚያው ላንጋኖ ስለዳርናት ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ከአባትሽ ልጀምር። ውሃ ዳር እርጥብ ሣር ይዞ መቆም ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። የኦሮሞ የምስጋና በዓል ኢሬቻ ሲከበር ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ የሚወርደው ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ነው። ጋሞ ዘንድም እርጥብ ሣር የሰላም ነው። መስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን መመለሳቸውን አባትሽም ሰምተውት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች ከመጋባታችሁ በፊትም የሚጋሩት ነገር አላቸው። እኛ ሰርጉን የከፈትነው በዚሁ ነበር። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ሐይቁን ከኋላቸው አድርገው፣ ሣር ይዘው ቆሙ። አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በጋሞኛ መረቁ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሳሙ። ዲኮር የምትሠራዋ ልጅ ለዚህ ቦታ ያዘጋጀችውን የፕላስቲክ አበባ ቅስት እናቴ በትህትና አስነሳችው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። «ኢሬቻ እናድርግ» ብለሽ አታቅርቢው። ዘመድ ውስጥ ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም ይኖራል፤ አንዳንዱ ይህን ከእምነት ጋር አያይዞ ይከፋዋል። «ሣር ይዛችሁ መርቁን» ማለት ይበቃል። የቀረውን ለነሱ ተዪው።

ሲንቄሽን ደግሞ አሸዋ ላይ እንዳትቀበዪ። እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጠው በትር ነው፤ ሴቶች ይዘውት ጠብ መሐል ሲገቡ ጠበኛ የሚቆምለት። ካሜራ ማኑ «አንዴ ድገሙልኝ» የሚልበት ነገር አይደለም። ጠዋት ክፍል ውስጥ ከእናትሽና ከአክስቶችሽ ጋር ጨርሱት። ከዚያ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ ያዢው። ታናሽ እህቴ የእጅ አበባውን ለሚዜዋ ሰጥታ ሲንቄዋን ብቻ ይዛ ነው የወረደችው። ከቬሎው ይልቅ ሰው ያየው እሱን ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ከኢንተርኔት ላይ ያየሽውን ሰማያዊና ቱርኩዋዝ ተዪው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ማልዲቭስን የሚያስመስል ዲኮር እዚያ ላይ ሲቀመጥ የተሳሳተ ቦታ የመጣ ይመስላል። በቡናማ ውሃና በአሸዋ ላይ የሚያምረው ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። እነዚህ ደግሞ የራሳችሁ ናቸው! ዱንጉዛ የሚባለው የጋሞ የሽመና ልብስ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነው። በኦሮሞ በኩል ጥቁር፣ ቀይና ነጭ አላችሁ። ስለዚህ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና የጠረጴዛ ልብሱን ነጭ ወይም ክሬም አድርገሽ ቀለሙ ከሰው ልብስ ይምጣ። «የሰርጉ ቀለም ይሄ ነው» ብለሽ መቶ ሰው አንድ ዓይነት ጨርቅ አታስለብሺ። በጥሪው ላይ «የየቤታችሁን ባህል ልብስ ልበሱ» ብለሽ ጻፊ። እናቶች ከሳጥን የሚያወጡትን የትኛውም ዲኮር አይደርስበትም።

ዱንጉዛውን ከጨንቻ ወይም ሽሮ ሜዳ ካሉ የዶርዜ ሸማኔዎች እዘዢ። በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም በዪ፤ ጥር ሲቃረብ ሁሉም ሙሽራ እነሱ ደጅ ነው። እኛ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ልናነጥፈው ነበር። የሙሽራው አጎት ሰምተው «ዱንጉዛ ይለበሳል እንጂ ወጥ አይንጠባጠብበትም» አሉ። ልክ ናቸው። ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ሰቀልነው፣ ለወንዶቹ ሚዜዎች ደግሞ ሱፉ ላይ ጣል የሚያደርጉት አሰፋንላቸው። አማቶቹ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነበር፤ እልልታው ከዚያ ጀመረ።

የአናስገባም ጨዋታ በር ይፈልጋል፣ ሐይቅ ዳር በር የለም። ሙሽሪት ያለችበትን ቤት ደጃፍ ተጠቀሙ፣ በቂ ነው። ጥሎሹን፣ መልሱንና ቅልቅሉን ግን ላንጋኖ አትጎትቷቸው። እነሱ የቤት ነገሮች ናቸው፤ ጎረቤትና የዕድር ሰው ያለበት ቦታ ይሁኑ። አባትሽን የሚያረጋጋቸው አንዱም ይሄ ይመስለኛል።

ምግብ ላይ ሁለት ማእድ ቤት ያዢ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የሚታረደውም፣ የሚሠራውም፣ የሚቀርበውም ለየብቻ ይሁን፤ ጭልፋ እንኳ አይቀላቀል። አስተናጋጆቹ ከየወገኑ የሚታወቁ ሰዎች ቢሆኑ እንግዳ ሳይጠራጠር ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጿሚው እንዳይቸገር ቀኑን ተመልከቺ። ከቡፌው ጎን ደግሞ ትንሽ የቤተሰብ ጠረጴዛ አድርጊ፦ ካንቺ በኩል ጭኮ (በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት) እና ቡና ቀላ (በቅቤ የተጠበሰ ቡና)፣ ከሱ በኩል ቆጮ ከማርና ዳጣ ከሚባለው የበርበሬ ማባያ ጋር። ጭኮ ማሞቂያ ስለማይፈልግ ለሐይቅ ዳር የተፈጠረ ነው። የኛ እንግዶች ኬኩን ረስተው እዚያ ነበሩ።

ሰዓት ወሳኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፤ ነጠላ፣ ቬሎና ማይክራፎን አንድ ላይ ያብዳሉ። ምርቃቱን ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም አድርጊው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ሎጆች በምዕራቡ ዳርቻ ስለሆኑ ፀሐይ ከሐይቁ በላይ የምታዩት ጠዋት ነው። ማታ የምትጠልቀው ከጀርባችሁ ነው። ጀንበር ውሃ ላይ ስትጠልቅ ፎቶ ካልተነሳሁ የምትዪ ከሆነ በምሥራቁ ዳርቻ ያለ ቦታ ፈልጊ።

ይህ ማለት እንግዳው የዋዜማውን ሌሊት እዚያ ያድራል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል። የሱ ወገን ግን ከአርባ ምንጭ በሶዶና በሻሸመኔ ዞሮ ነው የሚመጣው። አልጋ ስታከፋፍዪ ከነሱ ጀምሪ፤ የሩቅ እንግዳ ድንኳን ውስጥ አድሮ የቅርቡ ክፍል ቢይዝ ለዓመታት ይወራል። ሌሊቱ ስለሚበርድ ሁሉም ጋቢ ይያዝ በይ።

አሸዋው ላይ ለሽማግሌዎች መንገድ ይሆን ዘንድ ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፉ፣ ጥላ ያለው ቦታም ለነሱ ይሁን። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ልጆቹ ከነልብሳቸው ይገባሉ፤ ዋና የሚችል አንድ የአክስት ልጅ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው እነሱን ብቻ ይጠብቅ። ሚዜዎችሽም ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ እንዳይገዙ ካሁኑ ንገሪያቸው።